«አልጋ የትም አይጠፋም» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ዕቃ የማድረስ ሥራ ላይ ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ትዳራችን ደህና ነው። የምንጣላው በዓመት አንዴ፣ እረፍት ሲደርስ ነው።

ባለቤቴ መንገድ ሲወጣ አልጋ ማስያዝ አይወድም። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ባቲ ሲመሽ ባቲ፣ ሚሌ ሲመሽ ሚሌ ያድሩ ነበር። እሱም ልጅ ሆኖ ትምህርት ሲዘጋ አብሯቸው ይሄድ ነበር። «ሰው ባለበት አገር ማደሪያ አይጠፋም» ይላል፤ ከሳቸው የሰማው ነው። ሳንጋባ በፊት ይሄን ነገሩን እወድለት ነበር። ፕራግም ቪየናም ሁለታችን እንዲሁ ሄደን አድረናል፤ ደስ ይል ነበር።

ዓምና ነሐሴ ከሙኒክ በባቡር ጣሊያን ሄድን። ባቡሩ ዘግይቶ ቬሮና ስንገባ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። የጠየቅንበት ሆቴል ሁሉ ሙሉ ነው። አንዱ ጋ እንግዳ ተቀባዩ ከላይ እስከ ታች አየንና ኮምፒውተሩን እንኳ ሳይነካ «የለም» አለን። ከኋላችን የገቡት ባልና ሚስት ግን ቁልፍ ተቀብለው ወደ ላይ ወጡ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ጣቢያ ተመለስን። ልጄ ሻንጣ ላይ ተኝታ፣ እኛ ቁጭ ብለን ነጋ። ሌሊት ፖሊሶች መጥተው ወረቀት አዩን። ጠዋት ልጄ «እማዬ፣ እኛ ቤት የለንም እንዴ?» አለችኝ።

ዘንድሮም ነሐሴ ላይ ለ12 ቀን ልንሄድ ነው፤ ቬሮና፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም። አልጋ እናስይዝ ስለው «የዓምናው አጋጣሚ ነው፤ እረፍቴን የቢሮ ሥራ አታድርጊብኝ» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «እኔ በስሜ ላስይዝልሽ፤ ሲመሽ ድንገት ያገኘሽው አስመስዪ» ትለኛለች። ላድርገው? ወይስ እኔና ልጄ እንቅር?

የመሸባት፣ ከሽቱትጋርት

መልስ

እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀችሽ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ቡና አፈላሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እናት ጆሮ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ አይገርመኝም። አንቺ ግን ከሱ በፊት አንድ ነገር ጽፈሽ በጥድፊያ አልፈሽዋል። «ባለቤቴ ምንም አልተናገረም» ብለሻል። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

አንድ አባት ሚስቱና ልጁ እያዩት «የለም» ተባለ። ከኋላው የመጣው ሰው ቁልፍ ተሰጠው። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ «ማደሪያ አይጠፋም» ሲል የኖረ ሰው ነው። ያን ሌሊት የጠፋው አልጋ ብቻ ነው? «አጋጣሚ ነው» የሚለውን ቃል እንዲህ ሙጭጭ ብሎ የያዘው፣ አጋጣሚ ካልሆነ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ስለማይፈልግ ይሆናል። ይሄ ግምቴ ነው፤ ሰውየውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን ልጠይቅሽ፦ ስለዚያ ሌሊት ሁለታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ሆቴል ማለቴ አይደለም፤ ስለዚያ ሌሊት።

ካላወራችሁ የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነው። ስልክ ላይ ዋጋ እያያችሁ አይሁን። ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ «ለምን አላስያዝክም?» ሳትዪ፣ «እዚያ ሆቴል ጋ እኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ አንተስ?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝም አትሙዪው።

እንግዳ ተቀባዩ ቆዳችሁን አይቶ ነው ወይ የመለሳችሁ? እዚያ አልነበርኩም። ያየሽውን «አላየሽም» አልልሽም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በብዙዎቻችን ላይ ደርሷል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ምናልባት ለሱም ትነግሪዋለሽ። ቬሮና መሃል ከተማው ላይ ሮማውያን የሠሩት የድንጋይ አምፊቲያትር አለ፤ አሬና ይሉታል። በነሱ በጋ እዚያ ኦፔራ ይታያል፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ገደማ። ትርኢቱ የሚጀምረው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ የሚያልቀው ከእኩለ ሌሊት ወዲያ። በአንድ ሌሊት ከ10 ሺህ በላይ ሰው ይገባል። ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው፣ አብዛኛው እዚያው ያድራል። አልጋውን የሚይዘው ደግሞ ከወራት በፊት ነው። ከኋላችሁ የመጡት ባልና ሚስት የነሱ ክረምት ሳይወጣ ከፍለው የጨረሱ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ላይ ሳቅ ካማራችሁ፣ ይሄ የኦፔራ በዓል በፈረንጆች 1913 ሲጀመር የመጀመሪያው ትርኢት ስለ አንዲት ምርኮኛ የኢትዮጵያ ልዕልት ነበር። እስከ ዛሬም ከመድረኩ አልወረደችም። በዘመዳችሁ ምክንያት ነው አልጋ ያጣችሁት ማለት ነው።

ይሄ የሰውየውን አስተያየት ጥሩ አያደርገውም። ኮምፒውተሩን ሳይነካ መመለሱም ነውር ነው። ግን አንድ ጥቅም አለው። በስምሽ የተያዘ አልጋ ይዘሽ ስትገቢ እንዲህ ያለ ሰው «የለም» ማለት ይቸግረዋል። ማስያዝ ለባለቤትሽ የቢሮ ሥራ መስሎታል። ለኔ የሌላ ሰው ፊት እያየሁ እንዳልለምን የሚያደርገኝ ነገር ነው። በዚህ በኩል ብታነሽለት ይሰማሽ ይሆናል።

አሁን ወደ አባቱ ልመለስ። ስለሳቸው ክፉ እንዳትናገሪ፤ ክርክሩ ያን ጊዜ የአልጋ መሆኑ ቀርቶ የሙት አባት ይሆናል። ደግሞ ሰውየው ትክክል ነበሩ። የአሰብ መስመር ሾፌር ባቲ ሲደርስ የማን አልጋ ቤት እንደሚያድር ያውቃል። ባለቤቷም ታውቀዋለች። አልጋ ቢሞላ መኪናው ራሱ ቤት ነው፣ ረዳቱም ሸራውን ያውቅበታል። ከሳቸው በፊት የነበረው መንገደኛም እንዲሁ ነው። ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይሉታል። የሚሠራው ቃሉን የሚያውቅ ሰው በሩ ውስጥ ሲኖር ነው። ሮም ድረስ በእግራቸው የሄዱት የኛ መነኮሳት እንኳ ዝም ብለው አልሄዱም። ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሐበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። በፈረንጆች 1548 የግዕዙን አዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት እዚያ ነው። ቀጠሮ አልነበራቸውም፣ ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ያውቁ ነበር። ቬሮና ላይ እናንተ የምታውቁት በር አልነበረም።

ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ፣ ከማታው 4 ሰዓት ላይ ልጅ ይዞ አልጋ ፍለጋ ይወጣል? አይወጣም። ሙኒክንስ በኦክቶበርፌስት ጊዜ? ጣሊያን ነሐሴ ላይ እንደዚያ ነው። በፈረንጆች ኦገስት 15፣ ማለትም ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል አለ። እኛ ፍልሰታን እየጾምን እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ፤ ከዚያም አገሩ በሙሉ ሥራ ትቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ቀኖች ባቡሩም አልጋውም ይጨናነቃል። የናንተ ችግር የልጅ ትምህርት ስላለ ከነሐሴ ሌላ ጊዜ የላችሁም። በጥቅምት ብትሄዱ ኖሮ «እሱን ተከተዪው» እልሽ ነበር።

ስለ ጓደኛሽ ምክር፦ አይሆንም። ደግ አስባ ነው፣ ግን አታድርጊው። ጣሊያን ውስጥ ሆቴል የያንዳንዱን እንግዳ ስምና ሰነድ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። በጓደኛሽ ስም የተያዘ አልጋ ላይ የናንተን ፓስፖርት ስታወጪ ድራማው እዚያው ያልቃል። ያም ቀርቶ፣ ቢሳካስ? እሱ «አላልኩሽም? አልጋ አይጠፋም!» ሊል ነው። አንቺ ውስጥሽ እያረረ ፈገግ ትያለሽ። ለሚቀጥለው ዓመትም እንደገና መዋሸት አለብሽ። ድካም ነው።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። 12 ቀን ማለት 11 ሌሊት ነው። አምስቱ ይያዙ። የመጀመሪያው ሌሊት ቬሮና ይሁን። ከሙኒክ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ ሊዘገይ እንደሚችል ዓምና አይታችኋል። ከዚያ የፌራጎስቶ ሰሞን ሦስት ሌሊቶች፣ የትም ከተማ ብትሆኑ። መጨረሻ ላይ ከመመለሳችሁ በፊት ያለው አንድ ሌሊት። የቀሩት ስድስቱ የሱ ናቸው። የት እንደምትወርዱ፣ የት እንደምታድሩ እሱ ይወስን፤ አንቺም አፍሽን ያዢ። ይሄኛው ለአንቺ ከባዱ ክፍል እንደሆነ ይገባኛል። የሚያዙትን አምስቱን በነፃ መሰረዝ የሚቻል ዓይነት አድርጓቸው። አብዛኛው ሆቴል አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው እንኳ ያለ ቅጣት ይሰርዛል፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ። የስረዛውን የመጨረሻ ቀን ማንበብ አትርሺ። እሱም «ታስሬአለሁ» ማለት አይችልም።

ለስድስቱ ሌሊቶች ግን ሕግ ያስፈልጋል፣ እሱም አንድ ብቻ ነው። አልጋ የሚፈለገው በቀን ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በነሱ አቆጣጠር 16 ሰዓት ድረስ ካልተገኘ የከተማው ጉዳይ ያበቃል፤ ባቡር ተሳፍሮ ወደሚቀጥለው ትንሽ ከተማ መሄድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው መላ ይሄ ነው። ትልቁ ከተማ ሲሞላ ጎረቤቱ ባዶ ይሆናል። ቬኒስ ከሞላ መስትሬ አለ፣ በባቡር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ፓዶቫም ሩቅ አይደለም። ፍሎረንስ ከሞላ ፕራቶ አለ። ቬሮና ከሞላ ቪቼንዛ ወይም ብሬሺያ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ቬኒስ ላይ ድልድይ ለድልድይ ሻንጣ ስጎትት ሁለት ሰዓት ፈጅቼ፣ ተናድጄ መስትሬ አደርኩ። በግማሽ ዋጋ። በዚያ ጉዞ እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም። ቬኒስ ውስጥ ለማደር የሚሟገት ሰው ሻንጣውን ራሱ ይያዝ እላለሁ።

ስትደርሱ ሦስታችሁም ሻንጣ እየጎተታችሁ በየበሩ አትዙሩ። ሻንጣውን ጣቢያ ማስቀመጫ ስጡ። አንቺና ልጅሽ አይስክሬም ቤት ቁጭ በሉ። እሱ ብቻውን ይሂድ፤ ይወደዋል፣ የአባቱ ሥራ ነው። በር ላይ «ካሜሬ» ወይም «አፊታካሜሬ» የሚል ጽሑፍ ይፈልግ። ጣሊያኖች ካሜራ የሚሉት ክፍልን ነው፤ ፎቶ ማንሻ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ፔንሲዮንን ከኛም አገር ታውቁታላችሁ። «አቬቴ ኡና ካሜራ ሊቤራ ፔር ስታኖቴ?» ካለ፣ ለዛሬ ማታ ክፍል አላችሁ ወይ ማለቱ ነው። «ኮምፕሌቶ» ካሉት ሞልቷል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ አይውጣ። «ጎረቤት ማን ጋ ክፍል ይኖራል?» ይበል። እንግዳ ተቀባዮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ደግ ከገጠመው ስልክ አንስቶ ይደውልለታል። ስልክ ላይ ያየውን ሆቴልም በቀጥታ ደውሎ ይጠይቅ፤ አንዳንዴ ዋጋው ይቀንሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ሳይመጡ የቀሩ እንግዶች ክፍል የሚለቀቅበት ቦታ አለ። ልጅ ይዞ ግን በሱ አይወራረድም።

ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን ይየው። ለልጅቷ ተጨማሪ አልጋ አለ ወይ ብሎ ይጠይቅ። የከተማው የማደሪያ ግብር ዋጋው ውስጥ አለ ወይ ብሎም ይጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ የለም። በየሰዉ በየሌሊቱ ይቆጠራል፣ እንደ ከተማውና እንደ ሆቴሉ ደረጃ ይለያያል። ሮም ላይ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፣ ስለዚህ ለሷ ቢያስከፍሏችሁ ተከራከሩ። ጣቢያ በር ላይ «ክፍል አለኝ፣ ተከተሉኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አትከተሉ። ፓስፖርት ሳያይ የሚያሳድር ሰው ነገ የት እንደሚገኝ አይታወቅም።

«የምናውቃቸው ሐበሾች ጋ እንደውል» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ይመጣል። ሚላኖ ፖርታ ቬኔዚያ ወይም ሮም ተርሚኒ አካባቢ ብትሄዱ የሚበላ ሽሮ አታጡም፣ ለፍልሰታም ይመቻል። ማደሪያ ግን ሌላ ነው። ጣሊያን ያሉ ብዙ እህቶቻችን አሮጊትና ሽማግሌ እየጠበቁ እዚያው አሠሪያቸው ቤት ነው የሚያድሩት። ቤቱ የእግዚአብሔር ነው ቢባልም ቁልፉ የሲኞራዋ ነው። «እምቢ» ማለት ስለማይሆንላቸው ተቸግረው ያስተናግዳሉ፣ ነገ የሚገሰጹት ግን እነሱ ናቸው። የምትጠይቂው ዘመድ ካለሽ ከወር በፊት ደውዪ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ አይሁን።

«እንቅር ወይ?» ላልሽው፦ ይሄን ሁሉ አውርታችሁ «አምስቱንም አላስይዝም» ካለ፣ አዎ፣ ልጅሽን ይዘሽ መቅረት መብትሽ ነው። ግን ማስፈራሪያ አታድርጊው። «አንተ ሂድ፣ በሰላም ተመለስ፤ እኛ ኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት እናድራለን» ብለሽ በእርጋታ መናገር የምትችዪ ከሆነ ብቻ ተናገሪው። እስከዚያ ይደርሳል ብዬ ግን አልጠብቅም። ፕራግና ቪየና ላይ ደስ ያለሽ ሰው ያው እሱ ነው። ያኔ ሁለት ነበራችሁ፣ አሁን ሦስት ናችሁ፤ የተቀየረው ይሄው ነው።

ልጅቷን አትርሷት። ዓመት ያለፈው ነገር ለሷ ትናንት ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁም ባላችሁበት «ያን ጊዜ ጣቢያ ያደርነው አልጋ ስላልያዝን ነው፤ የኛ ጥፋት ነው፣ ቤታችን እዚህ ነው» በሏት። «የኛ ጥፋት» የሚለውን ቃል እሱ ቢለው እመርጣለሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን የቬሮና ክፍል ፎቶ አሳዩአት፣ የትኛው አልጋ የሷ እንደሆነ ራሷ ትምረጥ። ሮም ስትደርሱ ደግሞ አባቷ ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለውን አደባባይ ያሳያት። ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሻንጣ ይዞ እዚያ መቆም ለሱ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ሌላው ቀርቶ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሦስቱንም ፓስፖርት አውጥተሽ የሚያበቃበትን ቀን እዪ፤ የልጅቷን ጭምር። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ብቻውን ጣሊያን ሆቴል ላይ ላይበቃ ይችላል። ማሳደስ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የኛ ቆንስላ ቀጠሮ ከአልጋ ፍለጋም ይብሳል።